ባሕር ላይ የሚሰፋ ሰማይ

ሰልዋ በሺር ደሴ ውስጥ ፊዚክስ ስታስተምር አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አጠገቧ የተሳሳተ ነገር ተናግሮ በሰላም ያለፈ ሰው የለም። ሰርግ ላይ አብሯት ማዕድ የቀረበ ሰው «ጨረቃ ላይ እኮ ማንም አልወጣም፤ ፊልም ነው» ቢል፣ እጇን ታጥባ ወንበሯን ወደ እሱ አዙራ፣ እስኪያምን ወይም ተነስቶ እስኪሄድ ድረስ ታስረዳዋለች። አብዛኞቹ ተነስተው ይሄዳሉ። የማታውቀውን አላውቅም ትላለች፤ ያልሆነውን ግን ሆነ አትልም፣ ለሰው ደስታ ብላ እንኳ። ተማሪዎቿ «ቲቸር ሰልዋ ልክ ነው ካለች ልክ ነው» ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ለትምህርት ቤት በረከት ነው። ለቤተሰብ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ትንሽ ይከብዳል።

አባትየው ደግሞ ሰማይ ቅርብ ነው ባይ ሲሆኑ የባሰ ይከብዳል።

በሺር ከደሴ ኮምቦልቻ ሠላሳ አንድ ዓመት ሚኒባስ ነድተዋል። የሐረጎን ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሐሳባቸውም የመጣላቸው ከመሪው ኋላ ነው። «መኪና ስትነጂ» ይላሉ፣ «አጠገብሽ ያለው ዛፍ ይሮጣል። ራቅ ያለው ተራራ ቀስ ይላል። ስለዚህ የአንድ ነገር ርቀቱን ማወቅ የፈለገ ሰው ቦታ እየለወጠ ይየው፤ ብዙ ከተንቀሳቀሰ ቅርብ ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ ሩቅ ነው።» እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ነገሩ የተበላሸው ይህንን ይዘው ወደ ኮከብ የዞሩ ዕለት ነው። ከልጆቻቸው የትምህርት ዘመን የተረፈ ፕሮትራክተር ፈልገው ክር አሰሩበት፤ በክሩ ጫፍ ብሎን አንጠለጠሉ። በፕሮትራክተሩ ጠርዝ ኮከቧን አነጣጥረው ሲያዩ ክሩ የሚያርፍበት ቁጥር ኮከቧ ስንት ዲግሪ ከፍ እንዳለች ይነግራቸዋል። የቀራቸው ነገር ቢኖር በዚያው ደቂቃ ሌላ ቦታ ቆሞ ያችኑ ኮከብ የሚያይላቸው ሰው ብቻ ነበር።

ያ ሰው ሙንዚር ሆነ። ሙንዚር ከሰልዋ በዘጠኝ ዓመት የሚያንስ ወንድሟ ነው። ኮምቦልቻ ሥራ ሲያጣ ወደ ቆላው ወርዶ ሚሌ ላይ የከባድ መኪናዎችን ጎማ ይጠግን ጀመር። ሐሙስ ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ለአባቱ ይደውላል። በምሥራቅ በኩል የወጣች አንዲት ደማቅ ኮከብ ይመርጣሉ፤ እሱ ሞባይሉን አዘንብሎ ማዕዘኑን ያነባል፣ አባትየው ክራቸውን ያያሉ።

«ስንት አለህ?»

«ሠላሳ አራት።»

«እኔ ሠላሳ ሦስት። ጻፍኩት።»

በደብተራቸውም ላይ ልዩነቱን «ሚሌ፣ አንድ» ብለው ይጽፋሉ። በሚቀጥለው ሐሙስም ሚሌ፣ አንድ። ከአንድ ዓመት በላይ ሚሌ አንድ ሆና ቆየች። ሙንዚር ጠረፉ ላይ ጋላፊ ሄዶ መሥራት ሲጀምር ሁለት ሆነች። ወደ ምሥራቅ በተሄደ ቁጥር ኮከቧ ከፍ ትላለች፤ ሰው ወደ መንገድ መብራት ሲጠጋ ቀና ብሎ እንደሚያየው ማለት ነው። በሺር ይህንን በመኪና ኪሎ ሜትር አስልተው፣ ከዋክብት ከሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር ብዙም እንደማይርቁ ደረሱበት። ዓለም ትንሽ ናት፤ የሰፋችው በመጽሐፍ ላይ ነው አሉ።

ሰልዋ ያንን የሰማች ቀን ምሳዋን አልጨረሰችም።

«ኮከቧ ቅርብ ሆና አይደለም አባ። መሬት ክብ ናት። እርስዎ እዚህ፣ ሙንዚር እዚያ ስትቆሙ ሁለታችሁም ቀጥ ያላችሁ ይመስላችኋል እንጂ አንዳችሁ ከአንዳችሁ ዘንበል ብላችኋል። ቁጥሩን የለወጠው እሱ ነው። ኮከቧማ ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል!»

«እዚያ ድረስ ሄዶ ኪሎ ሜትሩን ያነበበ አለ?»

«የለም፤ ግን…»

«እንግዲያው የኔ ይሻላል። እኔ ዘንበል የምለው ሐረጎ ላይ ነው፤ ደጃፌ ላይ ቀጥ ብዬ ነው የምቆመው።»

ሙንዚር በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር። የአባቱን ነገር አላመነበትም። «አባን ደስ ካላቸው ምን ቸገረኝ?» አላት አንድ ቀን። «በሳምንት አንዴ ሰማይ ማየት ይከፈልበታል እንዴ?» እሷ እንዲህ ማለት አትችልበትም ነበር።

ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት አንድ ሐሙስ ማታ ሙንዚር እንደ ወትሮው ደወለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር።

«አባ፣ ባሕሩ ጋ ደርሻለሁ። ኦቦክ ነኝ። ዛሬ ሌሊት በጀልባ እንሻገራለን። ዱዓ አድርጉልኝ።»

በሺር ልጃቸው ከጋላፊ አልፎ እንደሚሄድ አያውቁም ነበር። ቢያውቁ እግሩ ላይ ወድቀው ያስቀሩት ነበር። አሁን ግን ባሕሩ ጋ የደረሰን ሰው ምን ይሉታል? አፋቸው ላይ የመጣላቸው የለመዱት ነገር ሆነ።

«ኮከቧን አየሃት?»

«አየኋት። ሠላሳ ስድስት።»

«እኔ ሠላሳ አምስት።»

«ጻፉት። እማን ሰላም በሉልኝ።» ስልኩ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላም አልተከፈተም።

ያን ሌሊት አንድ ጀልባ ተገለበጠ። በሦስተኛው ቀን ወሬው ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ሰዎቹን የጫነው ደላላም በስልክ «አዎ፣ እሱም ነበረበት» አለ። ሬሳ አልመጣም። መስጊድ ላይ በሌለበት ሶላተል ጋኢብ ተሰገደለት፣ ደጃፋቸው ላይ ድንኳን ተተከለ። እናቱ ጣይባ እህል አልቀምስ ብለው ሲያስቸግሩ፣ ያረጋጓቸው አንድ ሸኽ ናቸው። «አብሽሪ» አሏቸው፤ «በውሃ የሞተ ሸሂድ ነው፤ ሰማዕት።» ጣይባ ያቺን ቃል ይዘው ተነሱ። እስከ ዛሬም የሚበሉትና የሚተኙት በዚያች ቃል ነው።

በአምስተኛው ቀን በሺር ከድንኳኑ ጥግ ሰልዋን ጠሩና ደብተራቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ።

«ሰልዋዬ፣ ይቺ የመጨረሻዋ አልገጠመችኝም። እስቲ እያት።»

ሰልዋ አምስት ቀን ሙሉ ስታለቅስ የከረመች ናት። ደብተሩን ስታይ ደሟ ፈላ።

«ልጅዎ ሞቶ እርስዎ ኮከብ ይቆጥራሉ?»

ጮክ ብላ ነበር የተናገረችው። አብረዋቸው የነዱ ሾፌሮች ሁሉ ሰሙ። በሺር ደብተሩን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሰማይ ለሷ አንድ ቃል ተንፍሰው አያውቁም።

ለሌላው ሰው ግን ተናገሩ። አዲስ ነገር አግኝተዋል። ባሕሩ ከጋላፊም ያለፈ ስለሆነ፣ እዚያ ልዩነቱ ሦስት ተኩል መሆን ነበረበት፤ ሙንዚር የነገራቸው ቁጥር ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰማይ ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም ማለት ነው። የብስ ላይ ቅርብ ነው፤ ባሕር ላይ ሲደርስ ሦስት ተኩል እጥፍ ይሰፋል። ይህንን መናኸሪያ ላይ ተናገሩ፣ መስጊድ በረንዳ ላይ ተናገሩ። ልጁ የሞተበትን ሰው ማን ይከራከረዋል? ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማቸዋል፤ ዘወር ሲሉ ይሳሳቃል። ያመኗቸው ጣይባ ብቻ ናቸው። «አላህ ለልጄ ሰማዩን አሰፋለት» ይላሉ።

ወሬው ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ገባ። የሒሳብ መምህሩ ተውፊቅ አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ «ሰልዋ፣ ያባትሽ ሰማይ ጣና ላይስ ስንት እጥፍ ይሰፋል?» ብሎ ሲጠይቃት ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሷም ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን ትራሷን ነክሳ አለቀሰች፤ ከኀፍረት ይሁን ከሐዘን ራሷም አልለየችውም።

በዚህ ክረምት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አባቷ ደወሉ። ዓይናቸው እየደከመ ነው።

«ደብተሬን በኮምፒውተር ጻፊልኝ ብዬ ነው» አሉ። «አታምኚበት። ስህተት ካለው አሳዪኝ። ስህተቱን የሚያሳየኝ ሰው ነው ያጣሁት፤ ሁሉም እሺ ይለኛል።»

ሰልዋ እሺ አለች፤ ደብተሩንም በሚኒባስ ላኩላት። ለአባቷ ብላ ነው ብንል ግን ዋሸን። አንድ ጊዜ ከሥሩ ነቅዬው ልረፍ ብላ ነው።

ቧንቧ ውሃ ባለው የኪራይ ቤቷ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ከፈተችው። የመጀመሪያውን ስህተት ወዲያው አገኘችው፤ ሾፌር ብቻ የሚሠራው ስህተት ነበር። አባቷ ርቀቱን ሁሉ የወሰዱት ከመኪና ቆጣሪ ነው፤ ኩርባው፣ ዙሩ፣ የባቲ ቁልቁለት ሁሉ ገብቶበታል። ካርታ አውጥታ በቀጥታ መስመር ለካችና ደግማ አሰላች። ስድስት ሺህ አራት መቶ ገደማ መጣ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህንን ቁጥር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ትጽፈዋለች። ከመሬት መሐል እስከ ገጿ ያለው ርቀት ነው። አባቷ በክርና በብሎን፣ ወንድሟ በተሰነጠቀ ሞባይል፣ ሰማይን እንለካለን ብለው መሬትን ለክተዋታል። ያውም በጥሩ ሁኔታ። ሰልዋ ብቻዋን ጮክ ብላ ሳቀች። ወዲያው አንስታ ልትደውልላቸው ፈለገች፤ «አባ፣ ተሳስተዋል፣ ግን እንዴት ያለ ስህተት መሰለዎት!» ልትላቸው። በሕይወቷ እንደዚያ በአባቷ ኮርታ አታውቅም።

መጀመሪያ ግን የመጨረሻዋን ገጽ ልጨርስ አለች። «ባሕር፣ አንድ።»

ስህተት ፈለገችበት። እጁ ተንቀጥቅጦ ይሆን? ሙንዚር በዚያ ሁሉ ሐሙስ አንድ ጊዜ እንኳ ከሩብ ዲግሪ በላይ ስቶ አያውቅም። ሌላ ኮከብ አይቶ ይሆን? የኮከቧ ቦታ ተጽፏል፣ ሰዓቱም ተጽፏል፤ ትክክል ነው። ከዚያ ዓይኗ ወደ ፊተኛው ገጽ ሄደ። ሚሌ፣ አንድ። ሚሌ፣ አንድ። ሚሌ፣ አንድ። ከላይ እስከ ታች።

ቁጥሩ አልተሳሳተም። ሰማዩም አልሰፋም። ሙንዚር ያን ማታ ሚሌ ነበር።

ደንዝዛ ተቀመጠች። ከመግሪብ በኋላ ሚሌ የነበረ ሰው በዚያው ሌሊት ኦቦክ ላይ ጀልባ ሊሳፈር አይችልም። ደላላው በደፈናው ነው አዎ ያለው፤ ወንድሟ ባሕሩን አላየውም። ታምሞ ይሁን፣ ተዘርፎ ይሁን፣ ደላላው ጥሎት ሄዶ ይሁን፣ ወደሚያውቃት ሚሌ ተመልሷል። ደርሻለሁ ያለው አባቱ መኪና አስነስተው እንዳይመጡ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልታያትም። ስለ ቦታው ዋሸ። ኮከቧን ሲጠየቅ ግን ያየውን ተናገረ፤ በዚያ መዋሸት አልመጣለትም። አባቷም የልጃቸውን ቃል ከመጠርጠር ሰማዩን መጠርጠር ቀለላቸውና ሰማዩን አሰፉት።

መሞቱስ ሞቷል። በሕይወት ቢኖር አንዲት ሐሙስ አያሳልፍም ነበር። ግን መቼ? በሁለተኛው ቀን? በሳምንቱ? እነሱ ድንኳን ተክለው ለሰመጠ ሰው ሲያለቅሱ እሱ ምናልባት ከአንዱ ጎማ ቤት ጥላ ሥር ተኝቶ በር በሩን ያይ ይሆናል። በአምስተኛው ቀን ደብተሩ በእጇ ላይ ነበር። ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለሷ የጠራው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖ ነው። ሰልዋ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ወለሉ ላይ ተንበርክካ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» አለች። ዝናቡ ሰው እንዳይሰማት አደረገ።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። ከጁምዓ በኋላ ሚኒባስ ይዛ ኮምቦልቻ ወረደች። በየኩርባው አንድ ነገር ብቻ ትለማመዳለች። አልነግራቸውም። እናቴ የያዘቻትን ቃል አልቀማትም። ሰማዩ ይስፋ፣ እንደፈለገ ይስፋ።

አባቷ በረንዳው ላይ፣ ከአሮጌው ሚኒባሳቸው በተነቀለ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እናቷ ጎረቤት ከይሪያ ቤት ሄደዋል። ሰልዋ የአባቷን ጉልበት ስማ አጠገባቸው ተቀመጠችና ደብተሩን ዘረጋችላቸው።

«አየሁት አባ። ልክ ነው።»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ሰማዩ… ባሕር ላይ ይሰፋል።»

በሺር መነጽራቸውን አወለቁ። ደመናማ ዓይናቸውን ፊቷ ላይ ተከሉ።

«ሰልዋ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከተወለድሽ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ እኔን ልክ ነዎት ብለሽኝ አታውቂም። ስህተቴን እንድትነግሪኝ ነበር የላክሁልሽ። ምን አገኘሽበት?»

«ምንም።»

«ልጄ የት ነበር?»

ልትዋሽ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ እምቢ አላት። ሥራዬ ብላ ያልለመደችውን በስልሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ተለማምዶ አይሆንም።

«ሚሌ» አለች።

በሺር አልጮኹም። ሠላሳ አንድ ዓመት የነዱ ሰው ናቸውና መንገዱን በሐሳባቸው ይነዱት ጀመር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ባቲ። ከባቲ ቁልቁል። ሜዳው።

«ሦስት ሰዓት ነው» አሉ በመጨረሻ። «መኪናዋ ደጅ ነበረች። ነዳጅ ነበራት። ስልኩን እንደዘጋ ብነሳ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ አጠገቡ ነበርኩ።»

«አሳይተውኝ ነበር አባ» አለች ሰልዋ። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «በአምስተኛው ቀን። በእጄ ሰጥተውኝ ነበር።»

የለም ልጄ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም እንዲሏት ነበር የፈለገችው። ጥሩ አባት ናቸውና ሌላ ቀን ይሏት ይሆናል። ያን ሰዓት ግን የሌላቸውን ከየት ያምጡ?

«አዎ» አሉ። «አሳይቼሽ ነበር።»

በሺር ደብተሩን ዘግተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። «እሑድ እንወርዳለን፣ እኔና አንቺ» አሉ። «ያጠበውም የቀበረውም ሰው አይጠፋም፤ የቆላ ሰው የእንግዳ ሬሳ ሜዳ ላይ አይጥልም። ለእናትሽ ዘመድ ጥየቃ ነው እንላታለን። እሷ እንዳትሰማ። የሷ ልጅ ባሕር ውስጥ ነው ያለው፤ ሸሂድ ነው። ገባሽ?»

ገባኝ ለማለት ራሷን ነቀነቀች። በዚህ መሐል የግቢው በር ተገፋና ጣይባ ገቡ። ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ በበሺር ጭን ላይ ያለውን ደብተር ሲያዩ ደግሞ ቆም አሉ።

«መጣሽልኝ! አነበብሽው? አፈረስሽበት አይደል ያባትሽን ሰማይ?»

በሺር መልስ መስጠት ይችሉ ነበር። ዓይናቸውን ግን ወደ ግቢው አጥር መለሱ። ሰልዋ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

«አላፈረስኩም እማ። ልክ ነው።»

ጣይባ አላመኑም። ይህቺን ልጅ የወለዷት እሳቸው ናቸው። ተጠጉና ክንዷን ያዙ።

«ልጄ ላይ ሰማዩ ሰፍቷል ነው የምትይኝ? እንዳታባብዪኝ ሰልዋ። ወላሂ በይ።»

ሰልዋ በአላህ ስም በሐሰት ምላ አታውቅም። በሐሰት መማል ምን እንደሆነ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ቁርኣን ቤት ቀርታዋለች። የእናቷን ጣቶች ክንዷ ላይ አየቻቸው፤ እንዴት ከስተዋል።

«ወላሂ» አለች።

ጣይባ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። «አልሃምዱሊላህ! አልሃምዱሊላህ!» እያሉ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ሲወድቅ እንኳ ሳያነሱት፣ ወደ አጥሩ ሄዱ። «ከይሪያ! አንቺ ከይሪያ! ነይ ስሚ! ሰልዋ እንኳ ልክ ነው አለች፤ ሰልዋ ራሷ ወላሂ አለች!»

በሺር ከወንበራቸው ሳይነሱ የልጃቸውን እጅ ፈልገው ያዙት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በእሷ ፈንታ ምሕረት እየለመኑ፣ አስተግፊሩላህ አሉ።